ስለ ሠላሳ አንድ ቁጥር ክፍል መኖርና አለመኖር

ይድረስ ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሌለ ክፍል ፈጥራለች ተብላ ስለ ተከሰሰችው ሲስተር

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። ይህን የምለው ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ስለሚባል ብቻ አይደለም። ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ፣ በተለይም በመካከል ስላለው ቆዳዎ፣ ሰሞኑን ከልቤ እያሰብኩ ነው። ምክንያቱን በስተመጨረሻ እደርስበታለሁ።

ማን እንደሆንኩ ምናልባት ዘንግተውት ይሆናል። በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣ የጽሕፈት መኪናዬን ሣጥን ላይ አስቀምጬ፣ ለሃያ ሰባት ዓመት የሰው ማመልከቻ ስጽፍ የኖርኩ ሽማግሌ ነኝ። «ክቡር ሆይ» የሚለውን ቃል በዕድሜዬ ስንት ጊዜ እንደ ጻፍኩት ቢቆጠር የከተማው ክቡራን ሁሉ ተሰብስበው አይበቁትም። ለራሴ ጉዳይ ስጽፍ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ስለሆነ፣ አንዳንድ ቦታ ቃሌ ሻከር ቢልብዎ በልምድ ማጣት ይቁጠሩልኝ።

ጉዳዬ የሰባት ዓመት የልጅ ልጄ ናት። ቤት ውስጥ «ዳኛዬ» ነው የምንላት። ጤነኛ ሳለች ከእኔ ጋር አጥሩ ሥር እየዋለች የሰማችውን ሁሉ ማታ ይዛ ትገባና፣ ታናሽ ወንድሟ ብስኩቷን ሲበላባት ምስክር ጠርታ፣ የሁለቱንም ወገን ሰምታ፣ በራሷ ክስ ራሷ ትፈርድ ነበር። ከዓመት ከሦስት ወር በፊት የደም ካንሰር እንዳለባት ተነገረን። የምትወስደው መድኃኒት ካንሰሩን ሲመታ ሰውነቷ ሌላውን በሽታ የሚከላከልበትን አቅም አብሮ ስለሚያደክምባት፣ ሌላው ልጅ ሁለት ጊዜ አስነጥሶ የሚገላገለው ጉንፋን እሷን ሳምንት ያስተኛታል። ይህን ሁሉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ እንደሚያውቁት አምናለሁ። ባላምንም እንኳ ጨዋነት ነውና አምናለሁ።

አሁን ደግሞ ዳኛዬን ያስታመመችልን ሲስተር «ያለ ሥልጣኗ አዲስ ክፍል በመፍጠር ሕመምተኛ አስተኝታለች» የሚል የክስ ደብዳቤ ደርሷት፣ በመጪው ሐሙስ እርስዎ በሚመሩት የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ሥራዋን ልታጣ ነው። ስለዚህ ከሐሙስ በፊት የሚከተሉትን ምስጋናዎች በቁጥር ለይቼ ላቀርብ ወደድኩ። ቅሬታ ያላልኩት፣ ቅሬታ የሚባለውን ነገር እንደማይወዱ ከአስተያየት መስጫው ሣጥን ስለ ተረዳሁ ነው፤ ቀዳዳው በፕላስተር ታሽጓል።

1ኛ፦ ስለ ኮሚቴው።

የዳኛዬ ታናሽ ወንድም፣ ያ የአራት ዓመቱ ብስኩት በሊታ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሆዱ ላይ ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ሽፍታዎች ወጥተውበት ተነሣ። ከመዋዕለ ሕፃናቱ ይዞት የመጣው ጉድፍ የሚሉት ተላላፊ በሽታ ነበር። እሱ ምን ገዶት፣ ሆዱን እያከከ ካርቱኑን ያያል። እናቱ፣ ማለትም ልብስ ሰፊዋ ልጄ፣ ግን የያዘችውን ቀሚስ ከነመርፌው ጥላ እህቱን ታቅፋ በሩጫ ወጣች። የካንሰር ሐኪሟ «በአጠገቧ ጉድፍ ያለበት ሰው ከተገኘ፣ በእሷ ላይ እስኪወጣ ሳትጠብቁ በዚያው ቀን አምጧት፤ የሌላ ሰው የመከላከል አቅም የሚያውሳት መርፌ አለ፤ የሚጠቅመው ግን ቶሎ ሲሰጥ ነው» ብላ ደጋግማ አስጠንቅቃታለችና።

በዚያው ቀን ከምሳ በፊት ደረስን። መርፌውም ማቀዝቀዣው ውስጥ ነበር። የጎደለው የልዩ መድኃኒቶች ፈቃጅ ኮሚቴ ፊርማ ብቻ ነው። ኮሚቴው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ይሰበሰባል፣ ሰብሳቢው እርስዎ ነዎት፣ እርስዎም በዚያን ሰሞን የድንገተኛ ሕክምናን ስለ ማቀላጠፍ ሥልጠና ላይ ነበሩ። እኔም እዚያው ደረጃው ላይ ተቀምጬ፣ በሃያ ሰባት ዓመት ከጻፍኳቸው ሁሉ የተዋበ ማመልከቻ ጻፍኩልዎ።

መልሱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ደረሰኝ። «ተፈቅዷል» ይላል። በዚያ ቀን ዳኛዬ ከግንባሯ እስከ ውስጥ እግሯ በሽፍታ ተሸፍና በሆስፒታልዎ አምስተኛ ቀኗን ይዛ ነበር፤ እርስዎም ራስዎ በዋዜማው በዓይንዎ አይተዋት ነበር። ስለ ፈቃዱ ከልብ አመሰግናለሁ። በመስተዋት አስገብቼ ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። ማኅተሙ በእውነት ያምራል።

2ኛ፦ ስለ ሁለቱ በሮች።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ዳኛዬን አተኮሳት። ቁርስ ላይ አንገቷ ሥር ሦስት ሽፍታ ነበር፣ ታክሲ ውስጥ ስንገባ አሥራ አንድ፣ እናንተ ዘንድ ስንደርስ መቁጠሩን ትተናል። ወደምናውቀው ወደ ካንሰር ሕፃናት ክፍል ሄድን። በሩ ላይ «ተላላፊ በሽታ ያለበት ሰው መግባት አይችልም» ይላል። ዞር ብለን ፊት ለፊት ወዳለው ወደ ተላላፊ በሽታዎች ክፍል ሄድን። እዚያኛው በር ላይ ደግሞ «የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ሕፃን መግባት አይችልም» ይላል። በሁለቱም ሥር የእርስዎ ፊርማ አለ፣ በሰማያዊ ቀለም።

ነገሩን በሙያዬ መረመርኩት፤ ሁለቱም ልክ ነው። በዚያኛው ክፍል እንደ እሷ አቅም ያነሳቸው አሥራ አራት ልጆች ተኝተዋል፣ የእኔን ልጅ ለማዳን የሌላ እናት ልጅ ላይ በሽታ ልልቀቅ አልልም። በዚህኛው ክፍል ደግሞ ኩፍኝ ያለበትም፣ ሳል ያጣደፈውም አለ። የጎደለው ሦስተኛ በር ብቻ ነበር። ከበር እስከ በር ሃያ ሁለት እርምጃ ነው፤ አራት ጊዜ ተመላለስንበት። በአምስተኛው ላይ ዘበኛው መጣና፣ ትእዛዝ ሆኖበት እንጂ ሰውየው እያፈረ፣ ተላላፊ በሽታ ይዞ ኮሪደር ላይ መቆም ክልክል እንደሆነ ነገረን። ይህም ልክ ነው። ዳኛዬ ከእናቷ ትከሻ ላይ ቀና ብላ «ታዲያ የት ነው የተፈቀደልን?» አለችው። ዘበኛው ቆቡን አውልቆ ቆቡን ያይ ጀመር።

የተከሰሰችው ሲስተር የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው። አፏን ሸፍና፣ ልጅቷን በነጠላ አንሶላ ጠቅልላ፣ ሰው ወደሌለበት የጓሮ በረንዳ አወጣችን። ክቡር ሆይ፣ በዚያ ጠዋት ሕንፃዎ ውስጥ «ኑ» ያለን ሰው እሷ ብቻ ናት።

3ኛ፦ ስለ ኮምፒውተሩ።

የካንሰር ሐኪሟ በረንዳው ድረስ መጣች። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ነገር የማታስረዝም ሴት ናት። ጉድፍ ሌላውን ልጅ አሳክኮት እንደሚሄድ፣ እንደ ዳኛዬ ያለውን ልጅ ግን ሳንባው፣ ጉበቱ፣ ከዚያም አልፎ አንጎሉ ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ነገረችን። የሚዋጥ ክኒን አይበቃም አለች። አሳይክሎቪር የሚባለው መድኃኒት በየስምንት ሰዓቱ በደም ሥር መሰጠት አለበት፣ ኩላሊቷ እንዳይጎዳ ፈሳሽም አብሮ መግባት አለበት፣ ሁሉም ዛሬውኑ፣ አሁኑኑ መጀመር አለበት አለች። ልጄ ወረቀቱን ከሐኪሟ እጅ ነጥቃ ወደ መድኃኒት ቤቱ በረረች፤ እኔም ተከተልኳት።

መድኃኒቱ ነበር። ከመስተዋቱ በስተጀርባ፣ መደርደሪያው ላይ፣ በእጅ ሊነካ በሚችል ርቀት አይቼዋለሁ። ነገር ግን አዲሱ ኮምፒውተርዎ የክፍልና የአልጋ ቁጥር ካልተሞላለት መድኃኒት እንዲወጣ አይፈቅድም። ወፍራሙ የመድኃኒት ባለሙያ ደግ ሰው ነው፣ የሚችለውን ሁሉ ሞከረ። «ኮሪደር» ብሎ ጻፈለት፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ክፍል ነው አለ። «በረንዳ» አለው፤ የተሳሳተ ክፍል። በመጨረሻ ላብ እያጠመቀው «ከሰማይ በታች» ብሎ ጻፈለት፤ እሱንም ክፍል አይደለም አለ። ይህን ያህል ጥንቁቅ ኮምፒውተር ስለ ገዙልን ሳላመሰግን ባልፍ ምስጋና ቢስ እሆናለሁ።

ሲስተሯ ከኋላችን ደርሳ የክፍሎቹን ዝርዝር እንዲከፍትላት ጠየቀችው። በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ወረደች። ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ። ከዚያም በግልጽ እንዲህ ተጽፎ ነበር፦ «ሠላሳ አንድ፤ መለያ ክፍል፤ ለብቻው በር ያለው፤ ሁለት አልጋ፤ ባዶ።» ባለሙያው ስምንት ዓመት እዚህ ሠርቶ እንዲህ ያለ ክፍል አይቶ እንደማያውቅ ማለ። ሲስተሯ ግን ታውቀዋለች። በኮሪደሩ መጨረሻ ያለው የአንሶላ ማከማቻ ነው።

በሩን የከፈቱልን የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን ናቸው፤ ቁልፉን በአንገታቸው ነው የሚይዙት። ውስጡ እስከ ጣሪያ የተቆለለ አንሶላ፣ ነጭ ልብስ የለበሱ ስድሳ የእንግዳ ወንበሮች፣ አንድ የንግግር ማድረጊያ አትሮኖስ፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ሁለት አዳዲስ አልጋዎች ከነላስቲካቸው ነበሩ። በአርባ ደቂቃ ውስጥ ሁለቱ ሴቶች፣ ዘበኛውና እኔ ወንበሩን አወጣን፣ ወለሉ ታጠበ፣ መስኮቱ ተከፈተ። ሲስተሯ ነጭ ፕላስተር ቆርጣ በማርከር «31» ብላ ጻፈችና በሩ ላይ ለጠፈችው። ወንጀሉ የተፈጸመው እንግዲህ በዚህ ሰዓት ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ላይ መድኃኒቱ በዳኛዬ ክንድ ውስጥ መንጠባጠብ ጀመረ።

ሲስተሯ በሩ ላይ ቆማ ሊገባ የሚፈልገውን ሁሉ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦ «ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?» የወጣበት ይገባል፣ ያልወጣበት ይመለሳል። እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ወጥቶብኛል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ መታመሜ እንደ ሥራ ልምድ ተቆጠረልኝ። የጭነት መኪና ሾፌሩ አማቼ ግን ወጥቶበት ስለማያውቅ ያን ሁሉ ቀን በመስኮቱ ውጭ ቆሞ፣ አፍንጫውን መስተዋቱ ላይ ደፍጥጦ፣ ልጁን ለማሳቅ የማይሠራው ሥራ አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ መሳቋን አቆመች። ትንፋሿ አጠረ፤ የጎድን አጥንቶቿ መሐል ቆዳዋ ወደ ውስጥ እየገባ ሲወጣ አየሁት። ሐኪሟ ኦክስጅን አስገጠመች፣ ሲስተሯ የሥራ ሰዓቷ አልቆ ሳለ ወደ ቤቷ አልሄደችም። እኔም እግሯን ይዤ ትንፋሿን ስቆጥር ዋልኩ። ፈራሁ፣ ክቡር ሆይ። በዚያች ሰዓት ስለ እርስዎ አንድም ክፉ ነገር አላሰብኩም፣ ስለ እርስዎ ጨርሶ አላሰብኩም። ያሰብኩት በረንዳው ላይ አንድ ቀን ብንውል ኖሮ የሚለውን ብቻ ነው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አዲስ ሽፍታ መውጣቱ ቀነሰ፣ ከሰዓት በኋላ ውሃ ጠየቀች፣ ቀጥላም አባቷ መስኮቱን በአፍንጫው ስላቆሸሸ እንዲያጸዳ ፈረደችበት። ልጄ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች፤ እኔም መነጽሬን የምጠርግ መሰልኩ።

4ኛ፦ ስለ ጉብኝትዎ።

በአራተኛው ቀን ከሥልጠናው ተመልሰው፣ ሦስት ሰዎች አስከትለው መጡልን። የመጡት ስለ ወንበሮቹ ነበር፤ ለካ በሚቀጥለው ሳምንት የአገልግሎት ጥራት ሽልማት የሚሰጥበት በዓል ነበርና ስድሳው ወንበር ደጅ ላይ ወጥቶ በማየትዎ አዝነዋል። ሲስተሯም እንደ ማንኛውም ሰው በሩ ላይ አስቁማ «ጉድፍ ወጥቶብዎት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችዎ። እርስዎም «የዚህ ሆስፒታል ዳይሬክተር ነኝ» ብለው ገቡ። ከኋላዎ የነበሩት ሦስቱ፣ ደግ አደረጉ፣ አልገቡም።

ያቀረበችልዎን የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ በእጅዎ ገፋ አድርገው፣ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ሩብ ሰዓት ቆመው ስለ ሥርዓትና ስለ ንብረት አያያዝ ያደረጉልንን ንግግር አልረሳውም። አትሮኖሱ እዚያው ጥግ ላይ ስለነበር ብቻ ሳይሆን በእውነትም የተሟላ ንግግር ነበር። ሲወጡ ያን ፕላስተር በገዛ ጣትዎ ልጠው፣ ጠቅልለው፣ ኪስዎ ከተቱት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ዳኛዬ «አያቴ፣ ሰውየው ግን የተጠየቁትን አልመለሱም» አለችኝ። አላረምኳትም፣ ልክ ስለሆነች።

አሁን ወደ ክሱ ልመለስ። ሲስተሯ ክፍል ፈጥራለች ብለዋል። በመግቢያው አዳራሽ፣ ከገንዘብ ቤቱ በላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። እርስዎ ነዎት፣ ስድስት ዓመት ወጣት ሆነው፣ በመቀስ ቀይ ሪባን ሲቆርጡ። ከሪባኑ በስተጀርባ ያለው በር ላይ «31 መለያ ክፍል» የሚል ቁጥር አለ፤ መነጽሬን አድርጌ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሆስፒታሉ በየዓመቱ በሚያሳትመውና በመጠበቂያው ጠረጴዛ ላይ በሚደረደረው መጽሔትም በስድስቱም ዓመት «ሠላሳ አንድ ክፍሎች» ተብሎ ተጽፏል። እንግዲህ በአጥሩ ሥር እንደምንለው ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ክፍሉ ካለ፣ ሲስተሯ የከፈተችው የነበረውን ክፍል ነው፤ ጥፋት የለባትም። ክፍሉ ከሌለ ደግሞ፣ የሌለ ክፍል በመፍጠር ከእሷ ስድስት ዓመት የሚቀድም ሰው አለ፣ ፎቶውም ተሰቅሏል። ከሁለቱ የትኛውን እንደሚመርጡ እስከ ሐሙስ ጊዜ አለዎት።

ልመናዬ አጭር ነው። ክሱ ይነሣላት። ቁጥሩ በሩ ላይ ይመለስ፣ በፕላስተር ሳይሆን በብረት። ወንበሮቹ ሌላ ቦታ ይፈለግላቸው፤ እነሱ በሽታ አይዛቸውም፣ ኮሪደር ላይ ቢያድሩም አይሞቱም። በካንሰር ክፍሉ ውስጥ ያሉት አሥራ አራት ልጆች ሁሉም ታናሽ ወንድም፣ ታላቅ እህት፣ የጎረቤት ልጅ አላቸው፤ የሚቀጥለው በእነዚያ ሃያ ሁለት እርምጃዎች ላይ የሚመላለሰው የትኛው እንደሆነ እርስዎም እኔም አናውቅም።

ዳኛዬ ቤቷ ገብታለች። ቅርፊቱ ሁሉ ረግፎ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አንዲት ጠባሳ ቀርታለች፤ የተቋረጠው የካንሰር ሕክምናዋም ሰኞ ይቀጥላል።

ለሰጡን ሁለት በሮች፣ ለማኅተሙና ለንግግሩ ውለታዎን ከፍዬ እንደማልጨርስ እያረጋገጥኩ፣ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ጤና፣ በተለይ ጤና እየተመኘሁልዎ እሰናበታለሁ።

የዘወትር አክባሪዎ፣
በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሦስተኛው ጃንጥላ፣
የቀድሞው የሠላሳ አንድ ቁጥር ክፍል አስታማሚ

ግልባጭ፦
ለተከሰሰችው ሲስተር፤
ቁልፉን በአንገታቸው ለያዙት እናታችን፤
ለመድኃኒት ቤቱ ኮምፒውተር፣ እንዲያውቀው ያህል።

ማስታወሻ፦ ስለ ቆዳዎ የሰጋሁት አልቀረም፤ ይህን ጽፌ ካበቃሁ በኋላ፣ ከትናንት ጀምሮ ትኩሳት ይዞዎት ቤት እንደዋሉና ጀርባዎን በበሩ መቃን ላይ እያሻሹ እንደሆነ ሾፌርዎ ማመልከቻ ሊያስጽፍ መጥቶ አጫወተኝ። ከጉብኝትዎ ወዲህ ዛሬ አሥራ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ሐኪሟን ስጠይቃት ከአሥር እስከ ሃያ አንድ ቀን ድረስ ጊዜው ነው አለችኝ። አዋቂን ደግሞ ከልጅ ይልቅ አጥብቆ ይይዛልና መድኃኒቱን በመጀመሪያው ቀን ይጀምሩ፤ የወሩን የመጀመሪያ ማክሰኞ አይጠብቁ። ወደ ካንሰር ክፍሉ ደጅ እንዳይጠጉ አደራ። መተኛት ካስፈለገዎ የአዋቂዎቹ ክፍል «የልጆች በሽታ ነው» ብሎ እንደሚመልስዎ፣ የልጆቹ ክፍልም «አዋቂ ናቸው» እንደሚል ጠይቄ አረጋግጫለሁ፤ ሠላሳ አንድ ቁጥር ግን ባዶ ነው፣ አንሶላውም ታጥቧል። በዚያ ክፍል ተረኛ መሆን የምትችለው፣ ጉድፍ ወጥቶባት የሚያውቅ ሲስተር አንዲት ብቻ ስለሆነች፣ ሐሙስ ባያሰናብቷት ለራስዎም ይሻላል። ዳኛዬም ነገሩን ሰምታ፣ ሁለቱንም ወገን መርምራ፣ ይቅር ብላዎታለች፤ በጽሑፍ እንዲደርስዎ ያዘዘችኝ የውሳኔው ሁለተኛ አንቀጽ ግን ማከክ ክልክል ነው ይላል።